የመካው ቻናል የጠራ ዕለት

ሞራው ከዓይኗ ተገፎላት ከወልድያ በተመለሰች በሦስተኛው ወር እናቴ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተጣላች።

"ይሄ ነገር ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?" አለችኝ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መስኮት ቀስራ።

"እንዴት?"

"ጭጋግ ነው እኮ! ሰው ይሁን ጎመን የማይለይ። እኔ ዓይኔ ነው ብዬ ስንት ዓመት ዝም አልኩ። ለካ ዕውሩ እሱ ኖሯል!"

ሳቅኩ። ግን እናቴ ጠርቶ እንዲታያት የፈለገችው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜን ነው። ወንድሜ ደግሞ ሞቷል። ይህን ቆቦ ሙሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ የፊቱ ክፍል የእኔ መስፊያ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የእናቴ መኝታና የቴሌቪዥኑ ቦታ ነው። ታናሽ ወንድሜ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ባጃጁን ለባለቤቱ አስረክቦ፣ እኛን "ጎብዬ ደርሼ ልምጣ" ብሎን ወጣ። ጎብዬ ያለው ልጅ በአፋር በረሃ አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከወር በኋላ ከሳውዲ ደወለ። ጎብዬ እኮ በወልድያ መንገድ፣ በሌላው አቅጣጫ ናት! ሲዋሽ እንኳ አቅጣጫ አስተካክሎ መዋሸት አይችልበትም፣ የእኔ ጅል። ስልኩ ላይ እስኪበቃኝ ሰደብኩት። እሱ ይስቃል። ከተማ ያደገ ልጅ፣ ፍየል ገበያ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይቶ የማያውቅ፣ እዚያ ተራራ ላይ የሰው ፍየል ይጠብቅ ጀመር።

ለእናቴ ግን ስለ ፍየሉ አልነገራትም። "እማ፣ አላህ ካለ መካ ገብቼ ዑምራ አደርጋለሁ" አላት። "የመካውን ቻናል እያየሽ ጠብቂኝ። ካሜራው ሲዞር እጄን አወዛውዝልሻለሁ።" ለቀልድ ነው ያለው። እሷ ግን እንደ ቀጠሮ ያዘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ቻናል አልተከፈተም። ቀኑን ሙሉ ያን ካዕባውን የሚዞር ሕዝብ ታያለች፤ በዚያ በፈዘዘ ምስልና በዚያ ሞራ በጋረደው ዓይኗ። መብራት ሲጠፋ "ይኼኔ ያልፈኝ ይሆናል" እያለች ትቁነጠነጣለች።

ሕክምናዋን ባደረገች በአራተኛው ቀን፣ አብሮት የነበረ የሰፈራችን ልጅ ደወለልኝ። የሙሽራ ቀሚስ እየቀደድኩ ነበር።

"እህቴ፣ ሶብር አድርጊ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መስማት አልፈለግኩም፤ ግን ነገረኝ። ፍየል ሊያወጣ ገደል ወርዶ ወደቀ። "እኔው ነኝ በእጄ አፈር ያለበስኩት" አለኝና አለቀሰ። እኔ መቀሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ ተኝታለች። "ማነው?" ስትለኝ "ቀሚሷ አልደረሰልኝም የምትል ነች" አልኳት።

የእናቴ ወንድም ዋጃ ነው የሚኖረው። ስደውልለት በሚኒባስ ገስግሶ መጣ። ጓሮ ቆመን፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፣ "ዓይኗ እስኪድን ሆድ ይፍጀው" አለኝ። "እንባ እንዳይነካት ተብሏል። ልጇን አጥታ ዓይኗንም ልታጣ ነው?" ልክ ነው አልኩ። እኛ ዘንድ ደግሞ የልጅ ሞት ለእናት ባገኙት ሰዓት አይነገርም። ቀን ይቆረጥለታል፣ ሽማግሌ ይመረጥለታል። እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይይዛል። ሟቹ በሕይወት እንዳለ ሰው ሆኖ ስሙ ይነሳል።

ዓይኗ ዳነ። ያኔ ደግሞ አጎቴ "ማሽላው ይሰብሰብ፤ ሰው እጁ ተይዟል፣ ለቅሶ የሚደርሳት አይኖርም" አለ። ማሽላው ተሰበሰበ። "ረመዷን ደረሰ፤ በጾም እንዴት እናረዳታለን? ከዒድ በኋላ ይሁን።" እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛ እውነት እያደረ ተበላሸ። እኔ ከሰው ጋር የምጨቃጨቀው፣ ምላሴ እሳት ነው የሚባልልኝ ሴት፣ በዚህ ነገር ላይ አንድ ቀን እንኳ "በቃ!" ማለት አቃተኝ። ለቅሶዬን መስፊያ መኪናው ላይ ጨረስኩት፤ ድምፁ ይሸፍነኛል። ዓይኔ ቀልቶ ስታየኝ ጉንፋን ነው እላለሁ። ጎረቤታችን ያለችው ክርስቲያን ሴትዮ እናቴን ባየች ቁጥር ሻሿን ፊቷ ላይ ትጎትታለች። "ይህች ሴት ምን አስቀየምኳት?" ትለኛለች እናቴ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው "ቴሌቪዥኑን አጥሩልኝ" ያለችው።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ዲሽ ሠሪ ወሬ የማይሰለቸው ሰው ነው። "ሁለት መንገድ አለሽ" አለኝ። "አንደኛው በየወሩ የሚከፈልበት ነው። ምስሉ ኤችዲ ነው፤ ኳስ አለው፣ በአማርኛ የተተረጎመ ድራማ ሃያ አራት ሰዓት አለው። የመካው ቻናል ግን የለውም። ሁለተኛው ያው የዓረቡ ነው፤ ዲሽሽን ሳትቀይሪ ኤችዲ ሪሲቨር ብቻ ትገዢያለሽ። መካ ውስጥ የቆምሽ እስኪመስልሽ ይጠራል። እንደ እናትሽ ከሆነ ሁለተኛው ነው።"

እሱም ያውቃል። "እንደ እናትሽ" ሲል መሬት መሬት ያይ ነበር።

ለአጎቴ ደወልኩ። "የሚከፈልበትን አስገቢ" አለኝ። "ድራማው ያዘናጋታል። ያን ሕዝብ ጠርቶ እያየች ስትፈልገው ከምትውል።" እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ድራማ ትለምዳለች፣ ቀስ በቀስ መካን ትተዋለች፣ ከዒድ በኋላ ስናረዳት ልቧ ትንሽ ዘወር ብሎ ይቆየናል። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው! የእናት ልብ በቻናል ዘወር የሚል ይመስል።

የሚከፈልበትን አስገባሁ። ዲሽ ሠሪው ከጣሪያ ወርዶ ቴሌቪዥኑን ሲከፍተው አንዲት የተኳኳለች ሴት ወለል ብላ ወጣች። የሽፋሽፍቷ ቁጥር ሳይቀር ይታያል። እናቴ ጥቁር መነጽሯን አውልቃ ተጠጋች።

"ማሻአላህ! ካዕባው የታለ?"

ዲሽ ሠሪው አንድ ባንድ ነካካ። ኳስ። ድራማ። ወጥ የሚሠሩ ነጮች። እንደገና ኳስ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ በሩ።

"እዚህ ውስጥ የለም፣ እማ" አልኳት። "ግን ድራማው ሸጋ ነው፤ ትወጂዋለሽ።"

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ተቀመጠችና "አፈር ስሆን ልጄ፣ እኔ ድራማ ምን ያደርግልኛል?" አለች። "ስልኩ ጠፍቶበት ነው አላችሁኝ፣ እሺ አልኩ። ሥራ በዝቶበት ነው አላችሁኝ፣ እሺ አልኩ። የማየው በዚህ ብቻ ነው። ይህንንም የምትነሱኝ ከሆነ ዓይኔን ለምን አስገለጣችሁኝ?"

የዳነው ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ወደ ዓረቡ መልሰው" አልኩት ዲሽ ሠሪውን። "አሁኑኑ። ሪሲቨሩን አምጣና መልሰው!" ጮህኩበት መሰለኝ፤ ምስኪን፣ ምን አጠፋ?

ምስሉ ሲጠራ ከእናቴ አፍ የወጣው "ሱብሐነላህ፣ ሰው ሁሉ ለየብቻው ፊት አለው እኮ!" የሚል ነበር። ልክ ነበረች። ድሮ ነጭ ነገር የሚዞር ብቻ ነበር፤ አሁን ሒና የተቀባ ጢም፣ ጋሪ ላይ የተቀመጠች አሮጊት፣ እናቱ ትከሻ ላይ የተኛ ሕፃን ይታያል። መስገጃዋን ፊት ለፊቱ አንጥፋ ተተከለች። ከመስፊያዬ ሆኜ ድምጿን እሰማለሁ፤ "ይሄ አይደለም... ይሄም አይደለም... ይሄ የማን ምስኪን ነው... ይሄ አይደለም..." መርፌው ስንት ጊዜ ጣቴን እንደወጋኝ አላህ ያውቃል።

ረመዷን ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ከዓሱር ሶላት በኋላ፣ የዒድ ቀሚስ ተከምሮብኝ ስሰፋ፣ "ያውላችሁ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። መጋረጃውን ገንጥዬ ነው የገባሁት። እናቴ ቆማ መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከጣቶቿ መሃል አንድ ወጣት፣ ነጩን ኢሕራም ለብሶ፣ ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ይራመዳል። አንገቱ የወንድሜ ነው። ጆሮው የወንድሜ ነው። ወላሂ፣ የወንድሜ ነው። ወደ ካሜራው ቀና አለና እጁን አነሳ።

እናቴ እልል አለች። እኔም እልል አልኩ።

አዎ፣ እኔም። አፈር መልበሱን የማውቀው እኔ። ለዚያች ለአንድ እልልታ ያህል የሞተው ሌላ ሰው ነበር። ከዚያ ካሜራው ዞረ፣ እኔም አእምሮዬ ተመለሰ። እልልታችን ግን አጥሩን አልፎ ሄዷል።

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። እናቴ አንዱን አቅፋ ሌላውን ትለቃለች። "አየሁት! እጁን አወዛወዘልኝ! ከስቷል፤ ግን ደኅና ነው!" እነሱ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ምን ልበላቸው? አንዷ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለች፤ የመጀመሪያው ከወጣ በኋላ የተቀረው ተከተለ። በማግስቱ እናቴ ፍየል አስገዝታ አሳረደችና ለማፍጠሪያ ሰደቃ አወጣች። አጎቴም ከዋጃ መጣ። መሐል ቤት ተቀምጦ፣ ስለ ልጁ በሕይወት መኖር የታረደውን ሥጋ አፉ ውስጥ ሲያላምጥ አየሁት። አልዋጥ ብሎት ውሃ ጠየቀ። ሁላችንም በላን። ዱአ ተደረገ፣ ሁላችንም አሚን አልን።

ከዒድ በኋላ ቀኑ ደረሰ። ሱብሂ ተሰግዶ ገና ብርሃን ሲሆን አጎቴ ሽማግሌዎቹን ይዞ ገባ። ሴቶቹ ደጅ ቆሙ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ደጇ ላይ ያየች እናት ምን እንደመጣ አይጠፋትም። መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"እህቴ፣ አላህ የሰጠሽን ወስዷል" አላት አጎቴ።

"ማንን?"

"ልጅሽን።"

"መቼ?"

"ዓይንሽን በታከምሽ ሰሞን።"

ፊቷ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስፈራኝ ነገር የለም።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች። "እንግዲያ ሌላ ሰው ነው። የእኔን ልጅ በረመዷን አይቼዋለሁ።"

"መልክ ይመሳሰላል፣ እህቴ..."

"ያን ዕለት ለምን አልነገርከኝም?" ድምጿ ከፍ አላለም። "ሰደቃዬን በልተህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ብለህ ስመኸኝ አልሄድክም? አንተም በልተሃል። አንተም። ደጅ የቆማችሁትም። አሁን ንገሩኝ፤ የዋሻችሁኝ ያን ዕለት ነው ወይስ ዛሬ?"

አንደኛው ሽማግሌ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዘዋወረ።

"እማ፣ ሞቷል" አልኳት። በስንት ወሬ ሁሉ እሳት የሚሆነው ምላሴ ያን ቀን እንደ ሕፃን ተኮላተፈ። "ገደል ወድቆ ነው። የቀበረው ልጅ ለእኔ ነው የደወለው።"

"አብረሽኝ እልል ብለሻል" አለችኝ። "በቁሙ ላለ ሰው ቤቴ ውስጥ አይለቀስም። ድንኳኑን መልሱ።"

ድንኳኑ ሳይተከል ተመለሰ። ሰዎቹ መስጊድ ሄደው አስከሬን በሌለበት የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ ሰገዱለት። እኔ ለወንድሜ ለማልቀስ አገር ለቅቆ እንደሚሄድ ሰው ሻንጣ ያዝኩና ዋጃ አጎቴ ቤት ሄድኩ። እዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ሰው እየመጣ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አለኝ። የእናት ቦታ ባዶ የሆነበት ለቅሶ ለቅሶ አይደለም፤ ግን ያገኘሁት እሱን ነበር።

በአራተኛው ቀን ወደ ቆቦ ተመለስኩ። እናቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ናት። ዋጃ ምን ስሠራ እንደሰነበትኩ አልጠየቀችኝም። ያበጠ ዓይኔን አየችና ወደ መስገጃዋ ጠርዝ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

"ነይ ቁጭ በይ" አለችኝ። "ብቻዬን አይደረስልኝም፤ ሕዝቡ ብዙ ነው። በዚህ በኩል የሚያልፉትን እኔ ልይ፣ በዚያ በኩል ያሉትን አንቺ እዪልኝ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩና በበኩሌ የሚያልፉትን፣ አንድም ሳላሳልፍ፣ ማየት ጀመርኩ።