እርጥቡ ሶፋ

ልጄ ሶፋው ላይ ወጥ ሲደፋ ሮጬ የአምቦ ውሃ ከፈትኩ። ጠርሙሱ ፍስስ ሲል በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ ጉደር እናቴ ቤት ተመለስኩ።

እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እየመጡ ነው፤ እኔ ደግሞ አዲሱ ሶፋ ላይ ዶሮ ወጥ ደፍቻለሁ። በሳሙና ልፈትገው ስል ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ እጄን ያዙ።

«ተዪው፣ ሲፈትጉት ይሰፋል።»

ቅባቱን እንዲመጠው ዱቄት ነሰነሱበት፤ ጠርገው የአምቦ ውሃ አፈሰሱበት። ቀይ አረፋ እየተንሿሿ ሲወጣ ልቤ አብሮ ዘለለ።

«ሽማግሌ እንደሆነ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም» አሉኝ፤ «እስከዚያ ይደርቃል።»

ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። አባባ ግን ጥያቄያቸው ሳያልቅ «ሰጥተናል፤ ተቀመጡ» አሉ።

አሁን ልጄ «ለቀቀ?» ይለኛል። እኔ የሚታየኝ ወደ እርጥቡ ሶፋ ዝቅ የሚለው ነጭ ጋቢ ነው።