ለጨጓራ የታዘዘ የኮሌስትሮል ኪኒን

ጁባ ውስጥ ሃይ ማላካል በሚባል ሰፈር በምትገኝ አንዲት ክሊኒክ በፋርማሲ ቴክኒሻንነት የተቀጠርኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። ዲፕሎማዬን የያዝኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ዶክተር ዳዊት የመድኃኒቱን ፍሪጅ አሳየኝና፣ «መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ኢንሱሊኑን አስቢ፤ እኔ እደርሳለሁ» አለኝ። የዚያን ዕለት መብራት ጭራሽ አልመጣም።

ከሁሉ የሚበዛው የጨጓራ ሕመም ነበር። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው የታወቀ ነው፤ ሁለት ጸረ ባክቴሪያና አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ ጠዋትና ማታ። አንዳንዱ ሳይድን ተመልሶ ይመጣል። እኛም ደክሞን ሌላ እንሰጣለን።

ከታካሚዎቻችን አንዷ እትዬ አስካለ፣ ሸሪካት በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ነበራቸው። የጨጓራቸው ቁስል አንድ ጊዜ ደምቶ ተኝተው ታክመዋል። መድኃኒቱን ጨርሰው ከወር በኋላ የሰገራ ምርመራው አሁንም ባክቴሪያ አሳየ። ዳግም ከደሙ ደም ከየት እንደሚገኝላቸው አናውቅም ነበር።

«ጸረ ባክቴሪያውን እንቀይር። የኮሌስትሮል መድኃኒትም እንጨምርበት» አለኝ ዶክተሩ።

«ለጨጓራ?»

«ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲሰጥ ያግዛል የሚሉ ጥናቶች አሉ። እርግጠኛ አይደለሁም። ታዲያ እስኪደሙ ቁጭ ልበል?»

ያዘዘው ዓይነት እኛ ጋ አልነበረም። በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄጄ አገኘሁ፤ አቧራ ለብሼ ተመለስኩ።

መድኃኒት ስሰጥ አወሳሰዱን ማስደገም ልማዴ ነው። «እትዬ፣ የጠዋቱን ስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?»

«ጠዋት? በዐቢይ ጾም? ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም አልቀምስ!»

«ያለፈውንስ እንዴት ወሰዱት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ ነዋ። ሆድ እንደሆነ አንድ ነው!»

ዶክተሩ ከበሩ ላይ ሰማ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅከኝማ ልጄ! አንተም የምትጾም መስሎኝ።»

ዶክተሩ ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገና የኮሌስትሮሉን ኪኒን እንዳስቀረው ነገረኝ። ቀሪውን ግን ጠዋትና ማታ ለይቶ መዋጥ ግድ ነው አላቸው።

«ጾሜን ሽሬ ብድን ምን ይረባኛል?» አሉ እትዬ አስካለ። አሁን አይቀልዱም ነበር።

«የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ» አልኳቸው።

እዚያው ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ለመድኃኒት ፈቅደውልኛል። በይ ውሃ ስጪኝ።»

ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ባክቴሪያ አላሳየም። የኮሌስትሮሉ ኪኒን ይረዳ አይረዳ ዛሬም አላውቅም፤ አልሞከርነውም። አዲስ መድኃኒት ከመጨመር በፊት የቀድሞው እንዴት እንደተዋጠ ይጠየቃል።