ሁለት ገጣሚ ሴቶች በእናቴ ኪችን

ናፍጣ ሲሸተኝ ግጥም ትዝ ይለኛል። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው ለይቶላታል ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡር ስጠብቅ አንድ ትልቅ ትራክ አጠገቤ ቆሞ ሲያጓራ፣ ያ ሽታ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ኪችን ውስጥ ሁለት ግጥም የታተመበት ወረቀት ይዤ ቆሜ ተገኘሁ። ባቡሩም ጥሎኝ ሄደ።

አባቴ የረጅም መንገድ ትራክ ድራይቭ ያደርግ ነበር። ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ይከርምና ለሁለት ቀን ቤት ይመጣል፤ አንዱን ቀን ይተኛዋል፣ ሌላውን ቸርች ይውላል፤ ጃኬቱ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ ቤቱን ናፍጣ ናፍጣ ሲያሸተው እኔ ደስ ይለኛል፣ ሽታው ካለ እሱም አለ ማለት ነውና። እናቴ ኤርፖርት አውሮፕላን ታጸዳ ነበር። ስለ አባቴ አለመኖር አንድም ቀን ስታማርር ሰምቼ አላውቅም። ቸርች ውስጥ የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ሌሎቹ የትራክ ነጂ ሚስቶች የባላቸውን ስም ጠርተው ሲያስጸልዩ፣ እሷ «ለመንገደኞች ሁሉ ጸልዩ» ብላ ትቀመጣለች፤ ለራሷ ሰው ብቻ መለመን ስግብግብነት ይመስላታል። ሰዉም ጠንካራ ሴት ናት ይላታል፣ እኔም አምኜ ነበር።

እናቴ አንድ ሕግ ነበራት። የትምህርት ቤት ሥራዬ በአማርኛ ካልተተረከላት ቲቪ የለም፣ ስልክ የለም። እንግሊዝኛው ጠፍቷት አይደለም፣ አማርኛዬ እንዳይጠፋብኝ ነው። በዚህ ሕግ የተነሳ የእንቁራሪትን የሆድ ዕቃ፣ የአሜሪካንን የእርስ በርስ ጦርነት፣ አንድ ጊዜም አልጄብራን በአማርኛ አስረድቻለሁ። አልጄብራው ሁለታችንንም አልገባንም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው እንግዲህ አስተማሪያችን ሁለት ግጥም የሰጠችን፤ አንዱን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የኖረች የቻይና ሴት፣ ሌላውን የአንድ አሜሪካዊ ገበሬ ሚስት የጻፉትን። የሁለቱም ባሎች ሩቅ ናቸው፣ የአንደኛዋ ድንበር ሊጠብቅ፣ የሌላዋ እንጨት ሊቆርጥ ሄደዋል። አነጻጽሩና የትኛዋ ይበልጥ እውነቷን እንደምትናገር ፔፐር ጻፉ ተባልን። እኔም በሕጉ መሠረት፣ ጎመን የምትከትፈው እናቴ አጠገብ ቆሜ ትርጉሜን ጀመርኩ። ቻይናዊቷ ለባሏ ጣሪያውን ራሷ እንደጠገነች፣ የፒር ዛፉ ዘንድሮ ከመጠን በላይ እንዳፈራና ጎረቤት እያገዛት እንደሚበሉት ትነግረዋለች፤ ናፍቀኸኛል የሚል ቃል የለም። አሜሪካዊቷ ጣሪያው ያፈሳል፣ ማገዶው አልቋል፣ አልጋው ቀዝቅዞብኛል፣ ና ትላለች። አልጋ የሚለው ቦታ ስደርስ እናቴ ፊት ላብ አጠመቀኝና ቃሉን ዋጥ አድርጌ አለፍኩት።

እናቴ ፍርዷን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀባትም። ቻይናዊቷ ጨዋ ሴት ናት፣ ይቺ አሜሪካዊት ግን ዓይን አውጣ ናት አለች። ትንሽ ከተፈችና «እስቲ የዓይን አውጣዋን ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት፤ ሦስተኛ ጊዜም አስደገመችኝ። እኔ ቻይናዊቷ እውነቷን ደብቃለች ብዬ ልጽፍ ነው ስላት ቢላዋውን አስቀመጠች። «ምኑን ደበቀች? ሴትየዋ ጣሪያ ላይ ወጥታለች እኮ። ባሏ ቤቱ ቢኖር ማን ያወጣት ነበር?» አለችኝ። እሷ ራሷ በየሳምንቱ ለአባቴ በረዶውን ጠርጌዋለሁ፣ አታስብ እንደምትለው ያኔ ልብ አላልኩም። ፔፐሬን ለመጨረስ ነበር የቸኮልኩት።

አባቴ የሚደውለው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና እናቴ መጀመሪያ ሪፖርቷን ታቀርባለች፤ ሂተሩ ተሠርቷል፣ በረዶው ተጠርጓል፣ ምንም የጎደለን ነገር የለም። ያን ቅዳሜ አባቴ ነብራስካ ነበር። ጭነት የሚያከፋፍለው ዲስፓቸር ጥሩ ሎድ ስለሰጠው ለገና እንደማይመጣ ነገረን፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም ገና መንገድ ላይ ነበር ያሳለፈው። እናቴ «ደህና፣ ሥራ ነው» አለችና ወደ ሲንኩ ዞራ ሳህን ማጠብ ቀጠለች። የእኔ ተራ ደረሰ። ምንም ሳላስብ፣ የቤት ሥራዬን ልንገረው ብዬ ሁለቱንም ግጥም በአማርኛ አወረድኩለት፤ በስልክ ስለሆነ አልጋውንም አልዋጥኩትም።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አነሳሁት። አባቴ በቀስታ «እናትሽ የትኛዋን መረጠች?» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ጨዋዋን ብላለች፣ አብቅቷል። ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ከሲንኩ ሳትዞር «አሜሪካዊቷን» አለች። ቧንቧውን ዘጋችና፣ ውሃው ድምጿን ውጦት እንዳይሆን የሰጋች ይመስለኛል፣ ከፍ አድርጋ ደገመችው። ጀርባዋን ብቻ ነበር የማየው፣ አንገቷ ቀልቷል። አባቴ «ሰማሁ» አለ።

ለገና መጣ። ከአንድ ወር በኋላ የረጅሙን መንገድ ሥራ ተወና እዚሁ ከተማችን ፎርት ስኔሊንግ በኩል ከኤርፖርት ሆቴል የሚመላለስ ሻትል መንዳት ጀመረ። ቤት ሲውል ደግሞ ኪችኗ ውስጥ እየገባ ዕቃ ያንቀሳቅስባት ጀመር፤ እናቴ ይሄ ሰውዬ ቆሞ ከማውራት በቀር ሥራ የለውም ወይ እያለች ስትነጫነጭ ፊቷ ይስቃል። እኔ ሲ ፕላስ አገኘሁ። አስተማሪዋ ፔፐሬ ጫፍ ላይ፣ መሃል ላይ ሐሳብሽን ቀየርሽ ብላ ጻፈችብኝ፣ እውነቷን ነው።

አባቴ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እራቱን ከእኛ ጋር በላ። ካረፈ ሁለት ዊንተር አለፈ፤ አላማርርም፣ ያን ሁሉ እራት ላናገኘው እንችል ነበር። እናቴ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚባል የከተማው ዳርቻ ብቻዋን ናት። ና የምትለው ሰው ከሄደ ወዲህ ለማንም ና አትልም፣ ለእኔም ጭምር። እሑድ ስደውልላት ደህና ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ እንዳትመጪ ትለኛለች። እንዳትመጪ ባለችኝ ቀን ሁሉ የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ እወጣለሁ። በሩን ስትከፍትልኝ በዚህ በረዶ ምን አመጣሽ ብላ ትቆጣኛለች፤ ጠረጴዛው ላይ ግን እራቱ ለሁለት ሰው ቀርቧል።