ማልቀስን የከለከለ ጥቅስ

ታላቅ ወንድሜን በቀበርን ቀን እናቴ እንዳታለቅስ ከለከሏት። እስካሁን የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ቤታችን ቤቴል ሰፈር ነው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እድራችን ግን አንድ ነው። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን እናቴ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች። ከግራና ከቀኝ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ያዟት።

«እህቴ፣ እኛ እንደ አሕዛብ አናለቅስም» አለቻት አንደኛዋ። ከዚያ መዝሙር ጀመሩ። እናቴ አፏን ዘጋች።

ወንድሜን በልጅነቱ ያዝሉት የነበሩ አንዲት ጎረቤታችን እያለቀሱ ገቡ። እሳቸውንም ዝም አሰኟቸው። አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ለቅሶ ነው ወይስ ሰርግ ነው የመጣሁት?» አሉኝ ቀስ ብለው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ተነስተው ሰበኩ። ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን አዞናል አሉ። ኢዮብም ልጆቹን ባጣ ቀን እግዚአብሔርን ባረከ አሉ። እዚያ ላይ አቆሙ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ እንጂ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሰው ፊት ስናገርም ቃል ይጠፋኛል። ግን ማንበብ እችላለሁ። ኢዮብ እግዚአብሔርን ከመባረኩ በፊት ልብሱን ቀዷል፣ ራሱን ተላጭቷል። እዚያው ገጽ ላይ ነው፣ ትንሽ ከፍ ብሎ። ለምን ይዘለላል? ጳውሎስም አትዘኑ አላለም። ተስፋ እንደሌለው ሰው አትዘኑ ነው ያለው። ተስፋ ያለው እንዴት እንደሚያዝን ማወቅ የፈለገ ወደ አልዓዛር መቃብር ይሂድ። ኢየሱስ እንደሚያስነሳው እያወቀ አለቀሰ። ከእሱ የበለጠ ተስፋ የነበረው ማን ነው? አንድ ጥቅስ ነጥሎ የእናትን አፍ መክደኛ ማድረግ… ይኼ ማንበብ አይደለም።

በእኛ ዘንድ ከሟች ቤተሰብ አንድ ሰው ቃል ያነባል። ሽማግሌው የጳውሎስን መልእክት እንዳነብ ነገሩኝ። ተነሳሁ። የገለጥኩት ግን ዮሐንስን ነው። ኢየሱስ እንዳለቀሰ የሚናገረው ቦታ ስደርስ ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ የሰጠሁህ ክፍል ይኼ አይደለም» አሉ ሽማግሌው።

«አውቃለሁ። ያንን… ያንን የሚፈታው ይኼ ነው።»

«መፍታቱን ለእኛ ተወው። አንተ አንብብ ብቻ።»

«አነበብኩ እኮ።»

እናቴ ቀና አለች። «እስቲ ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩት። ከሴቶቹ ተላቀቀችና ወንድሜን በቁልምጫ ስሙ ጠራችው። ስሙን ሳትጨርስ ለቅሶው ቀደማት። ጎረቤታችን ሄደው አቀፏት፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ለቀቁት።

ሽማግሌው መዝሙር እንዲጀመር በእጃቸው አመለከቱ። ጥቂት ሴቶች ጀመሩ። እናቴ ግን አላቆመችም። መዝሙሩ መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ከሚዘምሩት አንዷ ራሷ ማልቀስ ጀምራ ነበር።