እህል ያላመጣው ባነር

ሥራ የጀመርሁ ቀን ብሩሽ አልነካሁም። ሰቆጣ ላይ ታፔላ የሚጽፉት ጋሽ ኪሮስ የብርጭቆ ወረቀት ሰጥተው የዛገ ቆርቆሮ ሲያሳሹኝ ዋሉ። እጄ ተልጦ ሳኮርፍ፣ "ዝገት ላይ ቀለም አይዝም፤ ነገም ታሺያለሽ" አሉኝ። ተናደድሁ፤ በነጋታው ግን ሄድሁ።

ዓመታት አልፈው የራሴን ቤት ከፈትሁ። ባነር፣ ማኅተም፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ።

አንድ ቀን ምሕረት የምትባል አስተባባሪ መጣች። ነዋሪው ስለ ውሃና ስለ መንገድ ኃላፊዎችን ፊት ለፊት የሚጠይቅበት መድረክ ሊጀመር ነው። "ሰው ከሩቅ አይቶ 'የኛ ነው' የሚለው መለያ ሥሪልን፤ አርማውንም፣ ቀለሙንም፣ ባነሩንም" አለችኝ።

በሰማያዊ መደብ ላይ ሁለት የተዘረጉ እጆች ሣልሁ፤ በላያቸው የማሽላ ዛላ። እጆቹ ተሳትፎ ናቸው፣ ዛላው ፍሬው ነው ብዬ አብራራሁ። ምሕረት አጨበጨበች። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ በራሴ ኮራሁ።

ባነሩን መጀመሪያ የሰቀልነው ከሰቆጣ ራቅ ባለችው ወረዳ፣ ዝቋላ ነው። ሰዉ ጎረፈ። ደስታችን ወሰን አጣ፤ አህዮቹንና ባዶ ኬሻዎቹን እስክናይ ድረስ።

አባ ወዳጅ የሚባሉ ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ "እህሉ ከኋላ ነው የሚመጣ?" አሉ።

"የለም አባቴ፣ ለውይይት ነው የጠራናችሁ።"

"ታዲያ ይህን ምን ሰቀላችሁት? እጅና እህል የተሣለበት መኪና የመጣ ጊዜ እርዳታ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ሥራ ፈትተን መጣን!"

ሰዉ እየተቆጣ ተበተነ። ዋና ጉዳያችን ስለነበረው፣ ስለተሰበረው የመንደሩ የውሃ ፓምፕ አንድም ሰው አልተናገረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ስንመለስ ምሕረት፣ "ሁለተኛ ጠርተን ካልመጡ ዝቋላ ከመድረኩ ይወጣል። ፓምፑም እንደተሰበረ ይቀራል" አለች።

ጋሽ ኪሮስ ስለ ዝገት ያሉኝ ትዝ አለኝና አባ ወዳጅ ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ጠይቄ፣ "እናንተስ ስትመክሩ እንዴት ነው ሥርዓቱ?" አልኋቸው።

"ሌላው ይቀመጣል፣ የሚናገር ይቆማል። የቆመን ሰው የሚያቋርጥ የለም።"

ክብ ሠርተው የተቀመጡ ሰዎችና ዱላ ይዞ የቆመ አንድ ሰው መሬት ላይ ሣልሁላቸው። ሳቅ አሉና፣ "ለዚህስ ኬሻ አይያዝም" አሉ። ባለቤታቸው እሜቴ ደስታ ግን አልሳቁም።

"ዱላ የሚይዝ ወንድ ነው። ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ" አሉ።

ዱላውን አጠፋሁ።

የእርዳታ መኪና ቀለም ነውና ሰማያዊውንም ጣልሁ፤ በነጭ ላይ ቡናማ አደረግሁ። ጽሑፉ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣናና በአማርኛ ሆነ።

በሁለተኛው ጥሪ ሜዳው ባዶ ሆኖ ረፈደ። ምሕረት ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ኋላ አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ አህያ የነዳ አልነበረም።

መጀመሪያ የተነሡት እሜቴ ደስታ ናቸው። በኽምጣና ተናገሩ፤ ምሕረት ለኃላፊዎቹ ተረጎመች፦ "ፓምፑ ከተሰበረ ወዲህ ወንዝ ነው የምንወርድ። መቼ ይጠገናል?"

የውሃው ኃላፊ፣ "በሂደት ላይ ነው" አለ።

እሳቸው አልተቀመጡም። ኃላፊው ስለ በጀት አወራ፣ ስለ መለዋወጫ አወራ። እሳቸው እንደቆሙ ናቸው፤ ሰዉም እሱን ያያል።

"ቅዳሜ ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ" አለ በመጨረሻ።

ይኼኔ ተቀመጡ። እኔ ከባነሩ ኋላ ሆኜ ደስ ብሎኝ አለቀስሁ።

እንዳለውም ቅዳሜ መጣ። ፓምፑም ተጠገነ።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ አንድ ቅርጽ ከመሣላችሁ በፊት፣ ያ ቅርጽ ከዚህ ቀደም ለሰዉ ምን ይዞለት እንደመጣ ጠይቁ።