ስርዝ ድልዝ የማይወደው ፕሮግራም

መቱ ውስጥ በአስር ጣት መጻፍ ከሚችለው ሰው ገሚሱ የጋሼ ዲበኩሉ ተማሪ ነው። ጋሼ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ኖረዋል፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ እኚህን ሰውዬ ምን ነካቸው እስኪባሉ ድረስ ኮምፒውተር ላይ ተተከሉ። ሁለት ዓመት ታግለው ለልጆች የአማርኛ ታይፕ የሚያስተምር ፕሮግራም ሠሩ። ዋጋ አልጠየቁበትም። በፍላሽ እየገለበጡ ለኡካም ለኖፓም ለቡሬም ትምህርት ቤቶች ሰደዱት።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው ነበር። ፕሮግራሙ ሲከፈት ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል፦ ማንም በነጻ ይውሰድ፣ ያባዛም፤ አንዲት ነገር መለወጥ ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው። ምን ያድርጉ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ ሲመለስባቸው የኖሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ቤት የተነካካ ነገር ሁሉ ፎርጅድ ነው።

አንድ ቀን ሥራቸውን በዓይናቸው ሊያዩ ቡሬ ሄዱ። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህርት ኡርጌ የድሮ ተማሪያቸው ናት። ልጆቹ ጣታቸውን ያሯሩጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን የእሳቸው ፕሮግራም አይደለም። የውጭ ሰዎች የሠሩት ነው፣ ያውም በአፋን ኦሮሞ ያስተምራል። የጋሼ ፊት ጠቆረ።

ኡርጌ አልደበቀቻቸውም። ልጆቹ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ መጻፍ መልመድ አለባቸው፤ የእሳቸው ፕሮግራም ደግሞ አማርኛ ብቻ ነው። ልትጨምርበት አስባ ማስጠንቀቂያውን ስታይ እጇን ሰበሰበች። ነጻ ሶፍትዌር አሰባስበው ለትምህርት ቤት ለሚያድሉ ሰዎችም ልካላቸው ነበር፤ ማሻሻል የሚከለክል ከሆነ ነጻ አንለውም፣ ከሌሎቹ ጋር አንቀላቅለውም ብለው መለሱላት። አሁን ልጆቹ የሚለማመዱበት ፕሮግራም ባለቤቶች ግን እንዳሻችሁ ለውጡት ስላሉ በሁለት ወር ቁቤ አስተማረችው።

«ሳንቲም ተቀብዬበት አውቃለሁ? እንዴት ነጻ አይደለም ይባላል?» አሏት።

«ኤዬ ጋሼ፣ አልተቀበሉም። ግን የሚነኩት እርስዎ ብቻ ከሆኑ፣ እርስዎ ሲደክሙ ማን ያድሰዋል? አብሮ ይሞታል። እኔ ደግሞ እንዲሞት አልፈልግም።»

ጋሼ ወደ መቱ ተመለሱ። ተቀይመዋል፤ ከቅያሜው በላይ ግን ፈርተዋል። ልጅ አልወለዱም፤ ስሜ ይጠራበታል የሚሉት ይህን ፕሮግራም ብቻ ነው። በማግስቱ ማስጠንቀቂያውን አጠፉና፣ ለውጡት፣ ስሜን ብቻ አትፋቁ የሚል ጻፉበት። ኮዱንም ሳይቀር ለኡርጌ ላኩላት።

ክረምቱ ሲወጣ አዲሱ መጣ። ኡርጌ ቁቤውን ጨምራበታለች፤ አንድ የኖፓ መምህር ዓይናቸው ለደከመ ልጆች ፊደሎቹን አጉልቷቸዋል። የጋሼ ስም ከላይ ነው፣ የሁለቱ ከሥር። ጋሼ ዲበኩሉ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። መነጽራቸውን ሰክተው የቁቤውን ትምህርት እንደ ተማሪ ከአንድ ጀመሩ። አራተኛው ትምህርት ላይ ሲደርሱ ኡርጌ የትንሿን ጣት ሥራ ለቀለበት ጣት ሰጥታ አገኟት። ሳቃቸው መጣ። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ኮዱን ከፈቱና፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ አስተካከሉት።