ባዶ እጅ በሁዳዴ

ሰሞኑን ሲግናል አካባቢ ከአንድ ሻይ ቤት ገብቼ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ወጣቶች ካርታ ሲበውዙ ሰማሁ፤ ያ ፍርርር የሚል ድምፅ ቆርቆሮውን ከሚመታው ዝናብ ጋር ተደባልቆ ጆሮዬ ሲገባ፣ የተውኩት የመሰለኝ ንዴት ተመልሶ መጣ። አባቴ የሚበውዘው ልክ እንደዚያ ነበር።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። አባቴ የአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ ነጋዴው ክረምት ሲገባ የሚያጫውተው ሰው እያጣ አባቴን ከምድጃው አስነሥቶ ለሁለት የሚጫወቱትን ፖከር አስተማረው፤ አባቴ ደግሞ ሰውዬው አገሩ ሲመለስ የሚያጫውተው አጥቶ እኔን አስተማረኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አምስት አምስት ካርታ እያደለ፣ በገንዘብ ፋንታ ከእናቴ ጓዳ የወሰደውን ሽምብራ እያካፈለ፣ ትምህርቱን ያወርድብኝ ነበር።

ትምህርቱስ ባልከፋ፤ ማብቂያ አልነበረውም እንጂ። ብዙ ሆነው ሲጫወቱ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ መጠበቅ ያዋጣል፣ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን የሚጠብቅ ሰው ሽምብራው አንድ በአንድ ያልቅበታል፣ ስለዚህ ደካማ ጥንድ፣ ሁለት ተመሳሳይ ካርታ ብቻም ቢሆን ይዞ ደፍሮ ሽምብራ መጨመር ነው ይለኝ ነበር። ቀድሞ ከመናገር የሌላውን ሰምቶ መወሰን ይሻላል፣ ካርታውን ሳይሆን ሰውየውን ማየት ነው፣ ባዶ እጅ ይዞ ሽምብራ እየጨመሩ ማስፈራራትም ደግ ነው፣ ሁልጊዜ የሚያስፈራራን ግን ማንም አይፈራውም፣ ፈርቶ ካርታውን የጣለ ደግሞ ተሸንፏል፣ የሌላውን እጅ ለማየት እኩል ሽምብራ መክፈል አለበት። ይህን ሁሉ የሚያስረዳኝ ካሸነፈኝ በኋላ፣ እንባዬ ካርታው ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። በዚያ ላይ ጨዋታው ላይ አንቱ እንዳልለው ከልክሎኝ ነበር። «አንቱ የምትይውን ሰው አታሸንፊውም» አለኝ። ስለዚህ ካርታው ሲታደል አንተ፣ ካርታው ሲሰበሰብ አንቱ እለው ነበር።

በጋ ሲሆን ነገሩ ባሰ፤ በቤታችን የሚወሰነው ሁሉ በካርታ ሆነ። ውሃ ማን ይቅዳ፣ ለገና አዲስ ጫማ ይገዛልኝ ወይስ አሮጌው ይሰፋ፣ እንጨት ለቀማ ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ሁሉንም ለአባቴ ከመንገር በፊት ሽምብራ መቁጠር ነበረብኝ። እናቴ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ፣ ወር ሙሉ ያሸነፍኩትን ሽምብራ ንፍሮ አድርጋ አቀረበችልን፤ አባቴ ያለ ምንም ሐፍረት የእኔን ድርሻ ጭምር በላው።

ሁዳዴ ሲገባ ግን አባቴ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። የንስሐ አባቱ በጾም ባዶ እጅ ይዞ ማስፈራራት ያው ውሸት ነው ብለውት ነበር። ካርታ መጫወቱ ራሱ ይፈቀድ እንደሆነ አልጠየቃቸውም፤ መልሱን ያውቀዋላ። አንድ ዓመት ልማድ ሆኖበት በጾም ቢያስፈራራኝ፣ ሄዶ ተናዘዘና ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አርባ ስግደት ታዘዘበት፤ ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ጉልበቱን እያሻሸ ሲሰግድ ከእናቴ ጋር በመስኮት እያየን ስቀናል። ከዚያ ወዲህ በሁዳዴ ሽምብራ ከጨመረ በእርግጥ ይዟል ማለት ነበር፤ እኔም ይህን አውቄ በየሁዳዴው አሸንፈው ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አስተማሪያችን ሐረር ሄጄ፣ እዚያው እያደርኩ መምህርነት እንድማር ቅጽ ሰጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተመኘሁት ነገር አልነበረም። አባት መፈረም ነበረበትና ለአባቴ ብሰጠው፣ አገላብጦ አይቶ፣ ይህንንም በካርታ እንወስን አለ፤ ካሸነፍኩ ይፈርማል፣ ከተሸነፍኩ እቀራለሁ። እናቴ ጮኸችበት። እኔ ግን ሁዳዴ ስለነበር በልቤ ደስ አለኝ።

የደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥን፤ የአንዳችን ሽምብራ እስኪያልቅ ልንጫወት። እየመራሁ ነበር። በአንዱ ዙር ሁለት ጥንድ መጣልኝ፣ አንዱ ከሁሉ የሚበልጠው የአስ ጥንድ ነበር፤ እኔ እየጨመርኩ፣ እሱ እየጨመረ ከግማሽ በላይ ሽምብራዬ መሐል ተከመረ። በመጨረሻ አባቴ ካርታውን ረጅም ጊዜ አየና የቀረውን ሽምብራ ሁሉ በሁለት እጁ ገፋው። ጾም ነው፣ አይዋሽም ብዬ አስቤ፣ የቀረኝን ላድን ካርታዬን ጣልኩ። የዳነችው ሽምብራ ጥቂት ዙር እንኳ አልቆየችም።

ቅጹ የሚመለስበት ዓርብ ሳይፈረም አለፈ። ሰኞ ማለዳ ከጓሮ የማውቀውን የስግደት ድምፅ ሰማሁና በመስኮት ቆሜ ቆጠርኩ፤ አርባ ሞላ። ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«አባባ፣ ምን ይዘህ ነበር?» አልኩት። ካርታ በሌለበት አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር፤ አልተቆጣኝም።

«ለማየት አልከፈልሽም» አለኝ። አፈሩን ከጉልበቱ እያራገፈ፣ «ጨዋታው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንቺ ከሄድሽ ከማን ጋር እጫወታለሁ?» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬው አልተጫወትኩም። ክረምቱ ሲገባ እሑድ እሑድ ብቻውን ሲበውዝ እሰማው ነበር፤ አንጀቴን ይበላኝ ነበር፣ ግን አልተነሣሁም። ሐረርም ቀረ፤ ጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ የሰው ደብዳቤ ስመታ ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ዓመት ሴት ልጄ ጅማ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ስትነሣ፣ ራሴን ያዞረኛል፣ ደም ግፊቴ ሳይነሣብኝ አልቀረም ብዬ ተኛሁ። ልጄ ካርታ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ምንም ሳትከራከር ጎረቤት ሄዳ የደም ግፊት መለኪያ ተውሳ መጣች፣ ክንዴ ላይ አሰረችና ቁጥሩን አሳየችኝ። «ደህና ነሽ እማዬ» ብላ ሻንጣዋን መዝጋት ቀጠለች። እኔ በዚያ እሑድ ያቃተኝን፣ ባዶ እጅን ከፍሎ ማየት፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው። ተናደድኩ፤ ኮራሁም።

ሸኝቻት ስመለስ፣ ማንም ሳያዘኝ አርባ ልሰግድ ጀመርኩ፤ ጉልበቴ ሰባት ላይ እምቢ አለኝ። አባቴ ለአንዲት ውሸት በየቀኑ አርባውን ጨርሶ ነበር። የእኔ ሠላሳ ሦስቱ ቀርቷል፤ እሱንም በአባቴ ዕዳ ላይ ነው የምቆጥረው።